ኮዱ የተቀመጠበትና ኮዱ የሚሮጥበት

«ለፕሮግራሚንግ ዊንዶውስ ይሻላል ሊነክስ? ወይስ ማክ ልግዛ?» ይህ ጥያቄ ዲቨሎፐሮች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይነሣል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከመልክና ከወገንተኝነት አያልፍም። አንዱ የማክ ስክሪን ያወድሳል፣ ሌላው ሊነክስ ቫይረስ አይዘውም ይላል፣ ሦስተኛው ፎቶሾፕ የሌለበትን ኮምፒውተር አልነካም ይላል። እኔ ከዚህ ሁሉ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ኮዱ የተቀመጠው በየትኛው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ በሚደራጁበት ሥርዓት) ላይ ነው? የሚሮጠውስ በየትኛው ከርነል (ፕሮግራሞችንና ሃርድዌሩን በሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት) ላይ? ሁለቱ አንድ ከሆኑ የቀረው የምርጫ ጉዳይ ነው። ከተለያዩ ግን ሥራ የሚበላሸው መገናኛቸው ላይ ነው፤ ስህተቱም ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር መስሎ ይመጣል።

የዌብና የባክኤንድ ኮድ መጨረሻው በአብዛኛው ሊነክስ ሰርቨር ነው። ስለዚህ ክርክሩ ይጠባል፦ ከምትሠሩበት ላፕቶፕ እስከ ሊነክስ ድረስ ስንት ድንበር አለ?

ከዊንዶውስ ልጀምር፣ ብዙው ሰው እጅ ላይ ያለው እሱ ነውና። ማይክሮሶፍት በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያወጣው የመጀመሪያው ዳብልዩኤስኤል (ሊነክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራው መሣሪያ) የሊነክስ ከርነል አልነበረውም፤ የሊነክስ ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቀውን እየተቀበለ ወደ ዊንዶውስ የሚመልስ አስተርጓሚ ነበር። በ2020 ለሁሉም የደረሰው ዳብልዩኤስኤል 2 ግን እውነተኛ የሊነክስ ከርነል በቀላል ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያሮጣል፣ የራሱም ዲስክ አለው። ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያሮጥ መሣሪያ፤ እሽጉ ኢሜጅ ይባላል) በደንብ የሚሠራበት በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋው ደግሞ እዚሁ አለ፦ ከሊነክሱ ውስጥ ሆናችሁ የዊንዶውስን ሲ ድራይቭ ስትነኩ እያንዳንዱ ፋይል በሁለቱ ሲስተሞች መካከል በፕሮቶኮል ይመላለሳል።

አንድ ትልቅ ቪዲዮ ለመቅዳት ይህ ብዙም አይሰማም። የሪአክት (የጃቫስክሪፕት ዌብ ላይብረሪ) ፕሮጀክት ግን የተጫኑ ፓኬጆች በሚቀመጡበት በኖድ ሞጁልስ ፎልደሩ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ይዞ ይመጣል። ፕሮጀክቱን ዴስክቶፕ ላይ ወይም ዶኩመንትስ ውስጥ አስቀምጣችሁ ከኡቡንቱ ተርሚናል ፓኬጅ ስትጭኑ በሴኮንዶች የሚያልቀው ሥራ በደቂቃ ይሆናል፤ የጊት (የኮድን ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ስቴተስ እንኳ ያስጠብቃል። ከመንቀርፈፉ የሚብሰው ሌላው ነው። በዊንዶውስ በኩል ፋይል አስተካክላችሁ ስትሴቭ «ተቀይሯል» የሚለው መልእክት ድንበሩን አይሻገርም፤ ስለዚህ ኮዱ ሲቀየር ገጹን ማደስ ያለበት የዴቭ ሰርቨሩ ምንም እንዳልተነካ ዝም ይላል። ሰዉ መፍትሔ ብሎ የሚያደርገው ፖሊንግ ማብራት ነው፣ ማለትም ፕሮግራሙ ፋይሎቹን በየጊዜው እየዞረ እንዲያይ ማድረግ። ይሠራል፤ ፕሮሰሰሩንና ባትሪውን ግን ይበላል።

እውነተኛው መፍትሔ ፕሮጀክቱን ሊነክሱ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ተርሚናሉ ላይ ያለው አድራሻ ኤምኤንቲ/ሲ ብሎ ከጀመረ የተሳሳተው በኩል ናችሁ። ወደ ሆም ፎልደር ግቡ፣ ሪፖውን (የጊት ማኅደሩን) እዚያ ክሎን አድርጉ፣ ቪኤስ ኮድን ከዚያው ተርሚናል ክፈቱ። ከታች በግራ ጥግ «ዳብልዩኤስኤል፦ ኡቡንቱ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ኤዲተሩ መስኮቱን ብቻ ዊንዶውስ ላይ ትቶ ሥራውን ሊነክስ ውስጥ ይሠራል ማለት ነው። ፋይሎቹን በዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ማየት ከፈለጋችሁ በግራ በኩል የፔንግዊን ምልክት ያለበት ሊነክስ የሚል ቦታ አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው የራም ጉዳይ ነው። ዳብልዩኤስኤል 2 ካልተገደበ እስከ ግማሽ ራም ድረስ ይወስዳል፤ 8 ጊጋ ባለው ላፕቶፕ 4 ጊጋ ማለት ነው። በታስክ ማናጀር ቪኤምሜም የሚል ስም ያለው ሂደት እሱ ነው። ሊነክስ ያነበበውን ፋይል በራም ውስጥ ይዞ ስለሚቆይ ሥራው ካለቀ በኋላም ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም። በዊንዶውስ የተጠቃሚ ፎልደራችሁ ውስጥ ነጥብ-ዳብልዩኤስኤልኮንፊግ የሚባል ፋይል ፍጠሩና ሜሞሪውን 3 ጊጋ፣ ስዋፑን (ራም ሲያልቅ የሚተካውን የዲስክ ቦታ) 4 ጊጋ ብላችሁ ገድቡ፤ ከዚያ ሻትዳውን በሚለው ትዕዛዙ ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ተርሚናሉን መዝጋት ብቻ በቂ አይደለም። ዲስኩም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው፦ ሊነክሱ የሚኖርበት የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል ያድጋል እንጂ በራሱ አይቀንስም። 20 ጊጋ የዶከር ኢሜጅ ብታጠፉ ሲ ድራይቭ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ዳብልዩኤስኤልን ዘግታችሁ በዲስክፓርት ኮምፓክት ማድረግ ያስፈልጋል።

ራም ለጠበበበት ሰው አንድ ልጨምር፤ ዶከር ዴስክቶፕ ግዴታ አይደለም። የዶከር ኤንጂንን ኡቡንቱው ውስጥ እንደማንኛውም ሰርቨር በቀጥታ መጫን ይቻላል፤ ከ2022 ወዲህ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲም ስለሚሠራ በራሱ ይነሣል። መስኮቱና አዝራሩ ይቀርባችኋል፣ ራሙ ይተርፋችኋል።

አሁን ሁሉንም ሲስተም ወደሚነኩት ሁለት ጥቃቅን ነገሮች። የመጀመሪያው የመስመር ማብቂያ ነው። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል፣ ሊነክስ አንድ። በዊንዶውስ የተጻፈ የሼል ስክሪፕት ዶከር ውስጥ ሲገባ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል ኤረር ይሰጣል። ፋይሉ ግን ቁልጭ ብሎ እዚያው አለ! የሌለው ፋይሉ አይደለም፤ ሊነክሱ ያንን ትርፍ ምልክት ከፕሮግራሙ ስም ጋር አጣብቆ ስላነበበ በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም አጥቶ ነው። መፍትሔው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጊት እንዲያስተካክል መለመን አይደለም። ሪፖው ውስጥ ነጥብ-ጊትአትሪቢውትስ የሚባለውን ፋይል ጨምራችሁ መስመር ሁሉ በኤልኤፍ (በሊነክሱ አንድ ምልክት) እንዲያልቅ አዙ፤ ያኔ ደንቡ ከኮዱ ጋር ይጓዛል።

ሁለተኛው የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት ነው። ዊንዶውስም ማክም በነባሪ አሠራራቸው በትልቅ ቢ የተጻፈውን «በተን» የሚል ፋይልና በትንሽ ቢ የተጻፈውን አንድ አድርገው ያዩታል። ሊነክስ ሁለት ያደርጋቸዋል። ላፕቶፑ ላይ የሠራ ኢምፖርት ሰርቨሩ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ይሁን። የፊደሉን መጠን ብቻ መቀየር ስትፈልጉም በጊት በራሱ የስም መቀየሪያ ትዕዛዝ አድርጉት፤ በኤክስፕሎረር ከቀየራችሁት ጊት ላያየው ይችላል።

ለእኛ ከሁሉም የሚከፋው ድንበር ግን የፊደላችን ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ሊነክስና ማክ ላይ ዩቲኤፍ-8 ለረጅም ጊዜ ነባሪ ስለሆነ አማርኛ የያዘ ፋይል ያለ ጣጣ ይነበባል። በእንግሊዝኛ የተጫነ ዊንዶውስ ላይ ግን ፓይተን ፋይል ሲከፍት ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ በባይት የተጻፈበትን ዘዴ) ካልነገራችሁት 1252 የሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ይጠቀማል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንግዳ ነው። «ከበደ» የሚለው ስም ያለ አንዳች ኤረር ይነበባል፤ ሦስቱ ፊደላት ዘጠኝ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆነው። «ሰላም» ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ ይቆማል፤ የ«ም» የመጨረሻ ባይት በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። «።»ም እንደዚሁ ያስቆመዋል። ስለዚህ የስም ዝርዝር ስታስገቡ የመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዎች ተበላሽተው በዝምታ ገብተው መቶ አንደኛው ላይ ኤረር ሊመጣ ይችላል። ያቆማችሁ ስም ጥፋተኛ ይመስላል፤ ቀድመው ያለፉት ናቸው የተበላሹት።

ይባስ ብሎ የ«በ» ሦስተኛ ባይት በዚያ ሠንጠረዥ የማይታይ ክፍተት ነው። «አበበ» በስህተት ከተነበበ በኋላ ዳርና ዳሩን ለማጽዳት ስትሪፕ ብታደርጉት የመጨረሻው ባይት እንደ ክፍት ቦታ ተቆጥሮ ይቆረጣል። ያኔ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ በትክክለኛው ኢንኮዲንግ ልታነቡት ብትሞክሩም አይድንም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ብሎ መጻፍ፣ ወይም ፓይተንዩቲኤፍ8 የሚባለውን የኤንቫይሮንመንት ቫሪያብል 1 ማድረግ። ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 ነባሪ እንዲሆን ተወስኗል፤ የቆዩት ስሪቶች ግን ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው።

የድሮው የዊንዶውስ ትዕዛዝ መስኮት ፓወርሼል 5.1ም አለ። የፕሮግራምን ውጤት በቀስት ምልክት ወደ ፋይል ስትልኩ በዩቲኤፍ-16 ይጽፈዋል፤ ፓወርሼል 7 ይህን አስተካክሏል። ኤክሴል ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ አማርኛ ያለበትን ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የሠንጠረዥ ፋይል) ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ስትከፍቱ መጀመሪያው ላይ ቦም የሚባለው የኢንኮዲንግ መለያ ምልክት ከሌለ ያበላሸዋል። ስለዚህ ለሒሳብ ክፍል የምትልኩት ሲኤስቪ ቦም ይኑረው፤ ለፕሮግራም የምትሰጡት ጄሰን (የዳታ መለዋወጫ ፋይል) ግን አይኑረው፣ የፓይተን ጄሰን አንባቢ ቦም ሲያይ እምቢ ይላልና።

የፋይል ስምም ወሰን አለው። ሊነክስ ስምን በባይት ነው የሚቆጥረው፣ ወሰኑ 255 ነው። ለአማርኛ ይህ 85 ፊደል ብቻ ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ስሙ ብቻውን እስከ 255 ፊደል ይፈቀድለታል። ረጅም የደብዳቤ ርዕስ እንዳለ የፋይል ስም የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ፋይሎቹን ወደ ሊነክስ ሰርቨር ሲያዛውር «ስሙ በዛ» የሚል ኤረር የሚያየው ለዚህ ነው።

ፎንትም አይረሳ። ላፕቶፓችሁ ላይ አማርኛ ይታያል፣ ዊንዶውስ ኢብሪማ፣ ማክ ከፋ የሚባል ፎንት ይዘው ይመጣሉና። ትንሹ የዶከር ኢሜጅ ውስጥ ግን አንድም የግዕዝ ፎንት የለም። ደረሰኝ ወይም ሰርተፊኬት በፒዲኤፍ የሚያወጣ ሲስተም ሰርቨር ላይ ሲወጣ ባዶ ሣጥን የሚደረድረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኮዱን አትነካኩ። ዶከርፋይሉ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለበትን የፎንት ፓኬጅ ጨምሩ።

ማክን በአጭሩ ልለፈው። ጥሩ ማሽን ነው፣ ተርሚናሉም የዩኒክስ ቤተሰብ ነው። ለአይፎን አፕ የሚሠራ ሰው ኤክስኮድ የሚሠራው ማክ ላይ ብቻ ስለሆነ ምርጫ የለውም። ነገር ግን ማክ ሊነክስ አይደለም። ሴድ የሚባለው ትዕዛዝ ፋይልን በቦታው ሲያስተካክል ከሊነክሱ የተለየ አጻጻፍ ይፈልጋል፤ አብሮት የሚመጣው የትዕዛዝ አስተርጓሚ ባሽ 3.2 ደግሞ የ2006 ነው፣ አፕል አዲሱን የጂፒኤል 3 ፈቃድ ስላልፈለገ። ዶከርም ማክ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው የሚሮጠው። በኅዳር 2020 ኤም1 ከወጣ ወዲህ ሌላ ድንበር ተጨምሯል፦ ፕሮሰሰሩ አርም ነው፣ አብዛኛው የኪራይ ሰርቨር ግን የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ። ማክ ላይ የሠራችሁትን ኢሜጅ እንዳለ ከጫናችሁት ሰርቨሩ «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ብሎ ይመልሰዋል፤ ስትሠሩት ፕላትፎርሙን ሊነክስ/ኤኤምዲ64 ብላችሁ መግለጽ አለባችሁ። በእነዚህ ማኮች ላይ ራሙ አብሮ የተሠራ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም። 8 ጊጋ ያለውን ኤም1 በርካሽ ስላገኛችሁ ለዶከር ሥራ አትግዙ።

ሊነክስን ራሱን የጫነ ሰው ከላይ የዘረዘርኩት አብዛኛው አያገኘውም። የሚያገኘው ሌላ ነው። ከመጫናችሁ በፊት በፍላሽ አስነሡትና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ክዳኑን ሲዘጉ ተኝቶ መነሣቱን ፈትሹ፤ እዚያ ያልሠራ ዋይፋይ ከተጫነ በኋላም ያስቸግራል። ኤንቪዲያ ካርድ ካለ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ሲነሣ የሚከለክለው ጥበቃ) ሳይጠፋ ድራይቨሩን ስትጭኑ የይለፍ ቃል ታወጣላችሁ፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ያንን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቶሎ ካልነካችሁት ያልፋል፣ ድራይቨሩም አይነሣም። ብዙ ሰው «ኤንቪዲያ ሊነክስ ላይ አይሠራም» የሚለው ይህን ስክሪን ሳያይ አልፎት ነው።

ሌላው ዲስኩ ሳይሞላ «ቦታ የለም» የሚለው ኤረር ነው። የሞላው ዲስክ ሳይሆን ከርነሉ እንዲከታተላቸው የተፈቀዱት ፋይሎች ብዛት ነው። በቆዩ ከርነሎች ወሰኑ 8192 ነበር፣ አንድ ትልቅ የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ብቻውን ያልፈዋል። የከርነል ቅንብር በሚቀይረው ሲስሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ 524288 ማድረግ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋስ? ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ኮሚት እንዳደረጋችሁ (ለውጡን ጊት ላይ እንደመዘገባችሁ) መብራት ከሄደ ጊት በነጋታው «ኦብጀክት ፋይሉ ባዶ ነው» ሊል ይችላል። ፋይል ሲስተሙ ስሙን መዝግቦ ይዘቱን ዲስክ ላይ ሳያደርስ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ጊት በነባሪ ለእያንዳንዱ ልቅ ኦብጀክት (ለብቻው ለሚጻፍ የታሪክ ፋይል) «ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጥ» አይልም። ሲደርስባችሁ ፎልደሩን አጥፍታችሁ እንደገና ክሎን ለማድረግ አትቸኩሉ፣ ፑሽ ያልተደረገው (ወደ ሰርቨሩ ያልተላከው) ሥራ አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ሙሉ ፎልደሩን ቅዱ፣ ቀጥሎ ኦብጀክትስ ውስጥ ያሉትን መጠናቸው ዜሮ የሆኑ ፋይሎች አጥፉ፣ ከዚያ ከሪሞቱ (ሰርቨሩ ላይ ካለው ቅጂ) ፌች አድርጋችሁ በጊት መመርመሪያ ኤፍኤስሲኬ መርምሩ። የምትሠሩባቸው ፋይሎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ የጠፋው የመጨረሻው ኮሚት ነው። ለወደፊቱ ከጊት 2.36 ወዲህ ባለው የኤፍሲንክ ቅንብር ኦብጀክቶቹም እንዲረጋገጡ አዙት። ትንሽ ይዘገያል፣ አይጎዳም።

ስለ ኤዲተር ያለው ጦርነት ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀላል ነው። ማይክሮሶፍት በ2016 የላንጉዌጅ ሰርቨር (ኮዱን እያነበበ ጥቆማ የሚሰጥ ፕሮግራም) ፕሮቶኮልን ካወጣ ወዲህ ቪኤስ ኮድም ኒኦቪምም ለታይፕስክሪፕት የሚሰጡት ጥቆማ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነው። ስለዚህ ራም ለመቆጠብ ብላችሁ ወደ ኒኦቪም ብትሄዱ የምታተርፉት የመስኮቱን ድርሻ ብቻ ነው፤ ከባዱ ላንጉዌጅ ሰርቨሩ ተከትሏችሁ ይመጣል። ከዚያ ይልቅ የተከፈቱትን የቪኤስ ኮድ መስኮቶች ቀንሱ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰርቨር ያስነሣልና። ጃቫና ኮትሊን ላይ ግን ኢንቴሊጄን የሚተካ አላየሁም፤ ሪፋክተሪንጉ ራሙን ያስከፍላል፣ ይገባዋልም። ቪኤስ ኮድን ለሩቅ ሰርቨር የምትጠቀሙ አንድ ነገር እወቁ፦ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ያሉት ስሪቶች ኡቡንቱ 18.04 ካለበት ሰርቨር ጋር በሪሞት አይገናኙም፣ የሰርቨሩ ጂሊብሲ (የሲስተሙ መሠረታዊ ላይብረሪ) አርጅቷል።

የትኛውን ልግዛ ለሚለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚፈልግ ሰው የምለው ግልጽ ነው። ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 14፣ 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና ከኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የፕሮሰሰሩን ስም ተመልከቱ፦ አይ5-7300 ከሆነ ሰባተኛ ነው፣ አይ5-8250 ከሆነ ስምንተኛ። ሰባተኛው በዋጋ ከወረደና ሥራችሁ ዌብ ከሆነ አትፍሩት፤ ራሙን 16 አድርሱት፣ ኤስኤስዲ አስገቡበት፣ እስከ 2029 መደበኛ ድጋፍ ያለውን ኡቡንቱ 24.04 ጫኑበት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ክዳኑን አስከፍቱና የራም ማስገቢያ እንዳለው አረጋግጡ። ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት አለው፣ ብዙዎቹ ስስ ሞዴሎች ራማቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው።

አንድሮይድ የምትሠሩ ደግሞ ኢሙሌተሩን (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን አስመሳይ ስልክ) ተዉት። ጎግል ራሱ ለአንድሮይድ ስቱዲዮና ለኢሙሌተር አብሮ 16 ጊጋ ይጠይቃል። ስልካችሁን በኬብል ሰኩ፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግ አብሩ፤ ኡቡንቱ ላይ «ፈቃድ የለም» ካለ የጎደለው የዩዴቭ ደንብ (ስልኩን ለመንካት የሚፈቅደው) ነው፣ በኡቡንቱ የአንድሮይድ ኤስዲኬ ፕላትፎርም ቱልስ ኮመን በሚለው ፓኬጅ ይመጣል።

ዳታ ውድ በሆነበት ቦታ ደግሞ ኮድ በፍላሽ ማዞር አያሳፍርም፣ በትክክል ከተደረገ። ኖድ ሞጁልስን እንዳለ ፍላሽ ላይ አትቅዱ፤ የፍላሽ ፋይል ሲስተሞቹ ፋትና ኤክስፋት ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አገናኝ) እና የማስፈጸም ፈቃድ አይዙም፣ የተቀዳው ሌላው ማሽን ላይ ተሰብሮ ይደርሳል። መጀመሪያ በታር አንድ ፋይል አድርጉት። ከዊንዶውስ ወደ ሊነክስ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትውሰዱት፣ ለአንዱ ሲስተም የተገነባ ሞጁል ሌላው ላይ አይነሣም። የዶከር ኢሜጅን በሴቭ አውጥታችሁ እዚያ በሎድ አስገቡ፤ ፋይሉ ከ4 ጊጋ ካለፈ ፋት32 አይቀበለውም፣ ፍላሹን ኤክስፋት አድርጉት። ሪፖውን ራሱን ደግሞ ጊት በንድል አንድ ፋይል ያደርግላችኋል፦ ታሪኩ፣ ብራንቹ፣ ታጉ ሁሉ አብሮ። ተቀባዩ መጀመሪያ ቬሪፋይ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ከዚያው ፋይል ልክ ከኢንተርኔት እንደሚያወርድ ክሎን ወይም ፌች ያደርጋል።